የኃላፊነት ጫና ሲበዛ ቀልብን እንዴት መሰብሰብ ይቻላል?

በጎንደር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የኃላፊነት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራው የሚጀምረው ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ነው። ገና ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ታክሲ ሳይሳፈር የቴሌግራም መልእክት ተከምሮ ይጠብቀዋል፤ ቢሮ ሲደርስ ባለጉዳዮች በአግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ጸሐፊዋ የሚመሩና የሚፈረሙ ደብዳቤዎች የታጨቁበትን ክላሴር ይዛ ቆማለች፤ በዚያ ላይ «ሪፖርቱ ዛሬውኑ ይድረሰን» የሚል ስልክ ከበላይ ይደወላል። እንዲህ ያለውን ቀን ለአንድ ሳምንት ማንም ይችለዋል፤ ለዓመታት ሲቀጥል ግን ሰውን ያዝላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ዝለት ሲገልጽ በሽታ ነው አላለም፤ በወጉ ሳይያዝ የቆየ የሥራ ውጥረት የሚያስከትለው ሁኔታ መሆኑን ገልጾ፣ የጉልበት መሟጠጥን፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅን ወይም ሥራውን መጥላትን፣ እንዲሁም የውጤታማነት መቀነስን መገለጫዎቹ አድርጎ አስቀምጧል።

ከዚህ በታች የምገልጸው ልምምድ ቀልብን መሰብሰብ ነው፤ ይኸውም አሁን እየሆነ ያለውን ነገር ለፍርድ ሳይቸኩሉ ሆን ብሎ ልብ ማለት ማለት ነው። ልምምዱ ወደ ሕክምና ተቋም የገባው፣ አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሥልጠና ሲጀምሩበት ሲሆን፣ የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያው ዓመት በመሆኑ ለጎንደሬ ዘመኑን መርሳት ይከብደዋል። መነሻው የቡድሂስቶች ተመስጦ ስለሆነ «ከእምነቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሥልጠናው የሚሰጠው ከሃይማኖት ተለይቶ ነው፤ ደግሞም ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ከጓደኞቹ ተነጥሎ የሚቀመጠው፣ ሙስሊሙም በሶላቱ ኹሹዕን፣ ማለትም የልብ መመሰጥን፣ የሚሻው ቀልብ እንዳይበተን ነው።

በመጀመሪያ የራስዎን ምልክት ይወቁ። ውጥረት ከሐሳብ ይልቅ በሰውነት ላይ ቶሎ ይታያል፤ አድሬናሊን ሲለቀቅ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። አንዱ ጥርሱን ይነክሳል፣ ሌላው ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፣ ሌላው ደግሞ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ ምንም አይገባውም። የእኔ ምልክት ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ መጀመሬ ነበር። ለሦስት ቀን በአጀንዳዎ ጠርዝ ላይ ሰዓቱንና የታየዎትን ምልክት በሁለት ቃል ብቻ ይጻፉ። ለማስተካከል አይሞክሩ፤ መመዝገቡ ብቻ በቂ ነው።

ሁለተኛው የጠዋት ልምምድ ሲሆን ዋናው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው። ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ደገፍ ሳይሉ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ሁለቱንም እግርዎን መሬት ያስነኩ፣ እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ። እስከ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫዎ ወደ ውስጥ ይተንፍሱ፣ ከዚያም እስከ ስድስት እየቆጠሩ በዝግታ ያውጡት። አንዱ ዙር ዐሥር ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ይተነፍሳሉ ማለት ነው። የሚወጣው ትንፋሽ እንዲረዝም የተደረገው በምክንያት ነው፤ ስናስተነፍስ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ስለሚያዘገየው ሰውነት የመረጋጋት መልእክት ይደርሰዋል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቆጠራውን ይተዉና ትንፋሽዎ አፍንጫዎ ላይ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይከታተሉ። ሐሳብዎ ወዲያው ወደ በጀቱ፣ ወደ ትናንትናው ክርክር፣ ወደ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይሄዳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «አልቻልኩበትም» ብሎ የሚያቆመው የሐሳቡ መሄድ ስሕተት ስለሚመስለው ነው። ሐሳቡ እንደ ሄደ የነቁባት ቅጽበትና ወደ ትንፋሽ የመለሱባት እርምጃ ራሷ ልምምዱ ናት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ ከተመለሰ ሃያ ጊዜ ተለማምደዋል። ዓይንዎን መጨፈን ግድ አይደለም። በተለይ ከባድ ነገር ያዩ ሰዎች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ክፉ ትዝታ ሊመጣባቸው ስለሚችል፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው የእግራቸውን መሬት መንካት ቢያስተውሉ ይሻላቸዋል። ትዝታው እየበረታ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ግን ልምምዱን አቁሞ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ይገባል።

ሦስተኛው በር ላይ የሚደረግ ነው። አንዱ ባለጉዳይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ፣ ወይም እርስዎ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሲገቡ እጅዎ የበሩን እጀታ ሲነካ፣ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ወስደው ያውጡ። ያለፈው ጉዳይ ከሚቀጥለው ጋር እንዳይቀላቀል ይህች ዐሥር ሰከንድ ትበቃለች።

አራተኛው እስክሪብቶን የሚመለከት ሲሆን፣ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ነው። ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሳለሁ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ ደብዳቤ እመራ ነበር። ከአርማጭሆ የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር፤ ማመልከቻቸውን ተቀብዬ ጠርዙ ላይ የማይመለከተውን ክፍል ስም ጻፍኩበት። በሳምንቱ ያው ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ፣ በላብ ወይቦ፣ የሦስት ክፍል ማህተም ተረግጦበት ተመለሰ። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ጌታው፣ ያን ቀን የሰሙት ስልኩን ነበር፤ እኔን አይደለም» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ፊቴ ሲቀርብ እስክሪብቶውን መጀመሪያ አስቀምጣለሁ፤ «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር አነባለሁ፤ ባለጉዳዩ ካለ ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው እስክሪብቶውን የማነሣው። ስልክ ከተደወለ ወይ ስልኩን እተዋለሁ፣ ወይ ደብዳቤውን። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚሠራ ሰው ጊዜ የሚቆጥብ ይመስለዋል፤ ባለጉዳዩ ተመልሶ ሲመጣ ግን ያንኑ ሥራ እንደገና ይሠራዋል።

አምስተኛው በጦፈ ስብሰባ መካከል የሚያገለግል ነው። አንድ ሰው በጉባኤ ፊት ሲተችዎ ፊትዎ ሲግል ከተሰማዎ፣ በውስጥዎ «ቁጣ መጣ» ብለው ስሙን ይጥሩት። «ተቆጣሁ» ከማለት ይልቅ «ቁጣ መጣ» ማለት በእርስዎና በስሜቱ መካከል ጥቂት ርቀት ይሰጣል። እግርዎ ጫማው ውስጥ ወለሉን ሲጫን ያስተውሉ፣ አንድ ጊዜ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ይመልሱ። መልስ ካልመጣልዎ «ነጥቡን ይዤዋለሁ፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ እመለስበታለሁ» ማለት ለኃላፊ ነውር አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ የቁጣ ቃል ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ ድካም ሲበረታ ቡናው ራሱ ልምምድ ይሁን። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ይክተቱና አንዱን ሲኒ ብቻ፣ አቦሉን፣ በሙሉ ልብዎ ይጠጡት፦ ከጀበናው ሲቀዳ የሚሰማውን ድምፅ፣ የሲኒውን ግለት ጣት ላይ፣ ምላስ ጎን ላይ የሚቀረውን ምሬት ያስተውሉ። ቶናውንና በረካውን እያወሩ መጠጣት ይችላሉ፤ ቡና ያለ ጨዋታ አይሆንምና።

ማታ ከሥራ ሲወጡ ወደ ቤት በቀጥታ አይሂዱ። ፒያሳ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ከጃንተከል ዋርካ ተነሥቶ ከፋሲል ግቢ አጥር ጎን ጎን መሄድ ይመቻል፤ አጥሩ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነውና ግማሹን እንኳ ቢሄዱ ለአንድ ልምምድ ይበቃል። ተረከዝዎ መሬት ሲነካ፣ ክብደትዎ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሻገር ይከታተሉ፤ ባጃጅ ሲያልፍ ድምፁን ሰምተው ይልቀቁት። ቤት የሚደርሱት ስብሰባውን ተሸክመው እንዳይሆን ነው። ቀን ቢዘለል በሚቀጥለው ጠዋት ከወንበሩ መጀመር ነው፤ ያለፈውን ለማካካስ ዐሥር ደቂቃ መቀመጥ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። የሁለት ሰው ሥራ የተጫነበትን ሰው ትንፋሽ ብቻውን አያድነውም፤ ሠራተኛን «ተረጋጋ» እያሉ ሥራ መጨመርም ልምምዱን መነገጃ ማድረግ ነው። የተሰበሰበ ቀልብ የሚጠቅመው ጫናው ከየት እንደሚመጣ አጥርቶ ለማየት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን ክላሴሩን ይክፈቱና በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ «ይህ የግድ የእኔን ፊርማ ይፈልጋል?» ብለው ይጠይቁ፤ የማይፈልገውን በጽሑፍ ውክልና ያስተላልፉ። እኔ ይህን ሳደርግ የዓመት ፈቃድ ቅጾች ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚያድሩት ማንም አዝዞ ሳይሆን ልማድ ሆኖ መሆኑን አየሁ። ለምክትሌ አስተላለፍኳቸው፤ እሷም ከእኔ ቀድማ መጨረስ ጀመረች።