ፍላሽ አልነበብ ሲል

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ አካባቢ ጽሑፍ ለማሳተም ፍላሽ ይዛችሁ የምትዞሩ፣ ይቺን ያዙ። ላፕቶፑ ፍላሹን አላውቀውም ካለ ቶሎ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

መጀመሪያ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። የዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሃብ) ካለ አውጡና በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሁን። በተለይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ኤሌክትሪክ ለአንዳንዱ አይበቃውም። ሞባይል ከሆነ ገመዱን ቀይሩ። አንዳንዱ ርካሽ ገመድ ቻርጅ ከማድረግ በቀር የዳታ ሽቦ የለውም።

ይህም ካልሠራ፣ ዊንዶውስ ከሆነ ስታርት ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉና ዲስክ ማኔጅመንትን (የተሰኩ ዲስኮችን የሚዘረዝረውን) ክፈቱ። ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ይሄ ነው። ፍላሹ እዚያ ተዘርዝሮ እንደ «E:» ያለ መለያ ፊደል ብቻ ከጎደለው፣ ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» የሚለውን መርጣችሁ አንድ ፊደል ስጡት። ወዲያው ብቅ ይላል።

«ፎርማት ይደረግ?» (ማለትም ውስጡ ያለው ይጥፋ?) የሚል መልእክት ከመጣ ግን እሺ እንዳትሉ! የመመረቂያ ጽሑፋችሁ እዚያ ውስጥ ከሆነማ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ዳታ የሚመልስ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ሌላ ላፕቶፕ ላይም፣ ዲስክ ማኔጅመንት ላይም ጭራሽ ካልታየ ችግሩ ከራሱ ከፍላሹ ሳይሆን አይቀርም።