ብልቃጡ ባለ 100 ነው ማለት ውስጡ 100 አለ ማለት አይደለም

በእጅ የተሠራ ክሬም፣ ቅባትና ሳሙና የሚሸጥ ሰው ለመዓዛው ይጨነቃል፣ ለማሸጊያው ይጨነቃል። ሌብሉ ላይ የምትገባዋን የመጠን ቁጥር ግን ብዙው መጨረሻ ላይ በግምት ጣል ያደርጋታል። ገዢው ደግሞ ብር የሚቆጥረው በእሷ ነው።

ዋናው ስህተት የብልቃጡን አቅም መጻፍ ነው። ባዶውን ስትገዙ «100 ሚሊ ሊትር» ይባላል። ይህ የሚይዘው ነው እንጂ እናንተ የሞላችሁት አይደለም። ጉዱ የሚወጣው ተመትቶ የተኮፈሰ የሺያ ቅቤ (ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ የቆዳ ቅባት) ላይ ነው። ብልቃጡን ጢም አድርጎ ይሞላውና ሚዛን ላይ ሲወጣ ከ100 ግራም በብዙ ያንሳል። የገባበት አየር ነዋ! እንዲህ ያለውን በግራም ጻፉ። ስትመዝኑ መጀመሪያ ባዶውን ብልቃጥ ከነክዳኑ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። አለበለዚያ ብርጭቆውንም ቅባት ብላችሁ ሸጣችሁት ማለት ነው።

ግራምና ሚሊ ሊትር ለውሃ ያው ናቸው ቢባል ያስኬዳል። ለዘይት ግን አይሠራም። 100 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት ወደ 91 ግራም ነው የሚመዝነው። ፈሳሹን በሚሊ ሊትር፣ ጠጣሩንና ወፍራሙን በግራም ብትጽፉ ይሻላል። ኦውንስ ውስጥ ከገባችሁም ተጠንቀቁ። የክብደቱ ኦውንስ 28.35 ግራም ነው፤ የአሜሪካው የፈሳሽ ኦውንስ ደግሞ 29.57 ሚሊ ሊትር። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንዱ ክብደት፣ ሌላው ይዘት ነው።

ሳሙና የራሱ ጣጣ አለው። ከተቆረጠ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲደርቅ ውሃው ይተናል፤ ክብደቱም አብሮ ይወርዳል። የተቆረጠ ዕለት መዝኖ ሌብል ማሳተም ራስን ማታለል ነው። ደርቆ ሲያበቃ መዝኑት። በእጅ የተቆረጠ እኩል ስለማይወጣ አንዱን ብቻ አትመዝኑ። አማካዩን ብትጽፉ ግማሽ ያህሉ ገዢ የጎደለ ይደርሰዋል። እኔ ብሆን የቀለለውን አግኝቼ፣ ከእሱም 2 ግራም ቀንሼ ነው የምጽፈው። መደርደሪያ ላይም እኮ መድረቁን አይተውም።

«በግምት»፣ «ከ50 ግራም በላይ» የሚሉትን አውጧቸው። ቁጥሩና መለኪያው ይበቃሉ።

አጻጻፉ እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ መጠኑ የሚጻፈው ከፊት ለፊት፣ በሌብሉ የታችኛው 30 በመቶ ክፍል ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ5 ግራም ወይም ከ5 ሚሊ ሊትር በታች የሆነ ኮስሞቲክስና ነጻ ናሙና መጠን እንዲጻፍበት አይገደድም። ለሌላ አገር የምትልኩ ከሆነ የተቀባዩን አገር ደንብ ከማሳተማችሁ በፊት እዩ።

አንዲት ደግሞ አለች፤ ብልቃጥ ቀይሮ የድሮውን ስቲከር መለጠፍ። አዲሱ ብልቃጥ ታቹ ወፍራም ከሆነ ከውጭ ያው ይመስላል፣ የሚይዘው ግን ያንሳል። አዲስ ብልቃጥ በመጣ ቁጥር እንደገና መዝኑ።