«ማንንም አልመርጥም» የሚል አማራጭ ስንጠይቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳ ካፌ ውስጥ የምርጫ ወሬ ከተነሳ አንድ ሰው እንዲህ ማለቱ አይቀርም፦ «ወረቀቱ ላይ ማንንም አልመርጥም የሚል ቦታ ቢኖር እኔም ተሰልፌ ድምፄን እሰጥ ነበር።» ሐሳቡ የዋዛ አይደለም። ካርዱን ይዞ፣ ሰልፉን ታግሶ፣ «ያቀረባችሁልኝ አልበቃኝም» የሚል ዜጋ ሊደመጥ ይገባዋል። ጥያቄው ፍሬ እንዲያፈራ ግን አንዳንድ ነገር ማረም አለብን።

ቦታውን ጠይቆ ውጤቱን መርሳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህ አማራጭ በድምፅ መስጫ ማሽኖች ላይ እንዲገባ ወሰነ። ገባም። ግን በፓርላማ ምርጫ እምቢታው አንደኛ ቢወጣ እንኳ ወንበሩን የሚወስደው ከዕጩዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው። በ2024 ኢንዶር በምትባል ከተማ የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ዕጩ ከውድድሩ ወጣ። ከ218 ሺህ በላይ መራጭ «ከእነዚህ ማንንም አልመርጥም» አለ። እምቢታው ሁለተኛ ወጣ፤ አሸናፊው ግን ያለ ምንም ችግር ፓርላማ ገባ።

በአሜሪካዋ ኔቫዳም ያው ነው። አማራጩ ከ1976 ጀምሮ አለ። በ2014 ዴሞክራቶች የገዥነት ዕጩ ሲመርጡ አንደኛ የወጣው እምቢታው ነበር። ዕጩነቱን የወሰደው ግን ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሰው ነው።

ኮሎምቢያ ትሻላለች። ባዶ ድምፅ ከግማሽ በላይ ካገኘ ምርጫው አንዴ ይደገማል። እንደ ከንቲባ ባለ የአንድ ሰው ሥልጣን ላይ ደግሞ የተጣሉት ዕጩዎች ተመልሰው አይቀርቡም። በ2011 ቤዮ በተባለች ከተማ ብቸኛው የከንቲባ ዕጩ የወደቀው በዚህ ነው። «አንዴ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ወንበሩ ዕድሜ ልክ ባዶ እንዳይቀር ነው። እኛም ስንጠይቅ፣ እምቢታው ካሸነፈ ምን እንደሚሆን በሕጉ ይጻፍልን ማለት አለብን።

ማሸነፍ ምን እንደሆነ አለመናገር

የእኛ ሥርዓት ሃምሳ ከመቶ አይጠይቅም፤ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል። እስቲ 10,000 ሰው ድምፅ የሰጠበት የምርጫ ክልል እናስብ። አንዱ ዕጩ 3,400፣ ሌላው 3,100፣ እምቢታው 3,500 ቢያገኙስ? 6,500 ሰው እኮ ዕጩ መርጧል። እኔ ይህ ምርጫ አይሰረዝ ባይ ነኝ፤ ለመሰረዝ ከግማሽ በላይ ይሁን። ሌላም ጣጣ አለ። ለውጥ የሚፈልገው ሰው ሁሉ ተቃዋሚዎችን ትቶ ወደ እምቢታው ከሄደና ግማሹን ካልሞላ፣ ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ በትንሽ ድምፅ ያልፋል። ይህን ለመራጩ በግልጽ መንገር ግዴታችን ነው።

ቤት ከመቅረት ጋር መደባለቅ

ባዶ ወረቀት ኮሮጆ ውስጥ የከተተ ሰው ተቃውሞ ይሁን ተሳስቶ አይታወቅም። ቤት የቀረውም እንደዚያው። ሚስጥሩስ? ሕንድ ውስጥ ከ2013 በፊት «አልመርጥም» ያለ ሰው ለጣቢያው ኃላፊ ነግሮ መዝገብ ላይ መፈረም ነበረበት። ፍርድ ቤቱ የመራጩን ሚስጥር ይጥሳል ያለው ይህንን ነው። እኛም ሰፈር ጣቱ ላይ ቀለም የሌለው ሰው በቀላሉ ይታወቃል። ወረቀቱ ላይ ቦታ ካለ ግን ምን እንደመረጠ ማንም አያውቅበትም።

የማይከፈት በር ማንኳኳት

ብዙ ሰው «ምርጫ ቦርድ ይጨምርልን» ይላል። ቦርዱ ግን አዋጅ አያወጣም። አዋጅ የሚወጣው አራት ኪሎ፣ ፓርላማ ነው። በዚያ ላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጠው ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ነው ይላል። እንደ እኔ ንባብ ምርጫ የሚያስደግም እምቢታ ይህን አንቀጽ ይነካል፤ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ደግሞ ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ምክር ቤትና ከወረዳ ምርጫ መጀመር ይቀላል ባይ ነኝ። መንፈሱ አዲስ አይደለም፤ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል።

ምልክቱን መርሳት

ብዙ እናቶችና አባቶች ዕጩን የሚለዩት በምልክቱ ነው። ሕንድ በ2015 ለእምቢታው ምልክት ሠራችለት፤ ጥቁር ኤክስ የተሰመረበት የድምፅ መስጫ ወረቀት ሥዕል ነው። እሱን ቀድቶ ማምጣት እዚህ አይሆንም። እኛ የምንፈልገውን የምንመርጠው በኤክስ ወይም በጣት አሻራ ነው። ኤክስ ታትሞበት ያገኘ ሰው «ወረቀቴ ላይ ቀድሞ ተመርጦበታል» ብሎ ይደነግጣል፤ ድምፅ ቆጣሪውም ግራ ይጋባል። ባዶ ወንበር ቢሆን ይሻላል። ከመታተሙ በፊት ግን ማንበብ ለማይችሉ የተክለ ሃይማኖትና የመርካቶ ነዋሪዎች አሳይቶ «ይሄ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላ ነገር ካሉ ሥዕሉ ይቀየር።