አናሎጂ ስትሠሩ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑ

ለመግቢያ ፈተና የማስጠናው ተማሪ አናሎጂ (ከተሰጡት ሁለት ቃላት ጋር አንድ ዓይነት ዝምድና ያለው ሌላ ጥንድ የሚመረጥበት ጥያቄ) ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የማዘው አንድ ነገር ነው፤ ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍን። ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። ችኮላቸው ይገባኛል። የግል ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና በሆነው በኤስኤስኤቲ (SSAT) መካከለኛና ከፍተኛ ደረጃ የቃላት ክፍሉ 60 ጥያቄ በ30 ደቂቃ ነው፤ ግማሹ አናሎጂ ነው። ለአንዱ 30 ሰከንድ ይደርሰዋል። ግን ሰዓቱን የሚበላው ምርጫ ላይ መንከራተት ነው።

ምርጫዎቹ እንደተሸፈኑ ሁለቱን ቃላት በአጭር ዐረፍተ ነገር አገናኙ። «ምዕራፍ ፡ መጽሐፍ» ተሰጥቷል እንበል። «ምዕራፍ የመጽሐፍ ክፍል ነው» አላችሁ። አሁን እጃችሁን አንሱ።

ሀ. ቅጠል ፡ ዛፍ
ለ. ገቢር ፡ ተውኔት
ሐ. መደርደሪያ ፡ መጻሕፍት
መ. ደራሲ ፡ ልብ ወለድ

ሀም ለም ገቡ አይደል? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው በግምት የሚያጠቁረው። አትገምቱ፤ ዐረፍተ ነገሩን አጥብቁት። «መጽሐፍ በቅደም ተከተል በምዕራፍ ይከፈላል።» ዛፍ በቅደም ተከተል በቅጠል አይከፈልም። ተውኔት ግን አንደኛ ገቢር፣ ሁለተኛ ገቢር እያለ ይሄዳል። መልሱ ለ ነው። በጣም ከጠበቀና አንዱም አልገባ ካለ ደግሞ ትንሽ ላላ አድርጉት።

«ካፊያ ፡ ዶፍ» ሲመጣ «ዝናብ ፡ ጎርፍ» ያታልላል፤ ሁሉም ውሃ ነው። ግን ዶፍ የካፊያ ብርቱው ነው፣ ጎርፍ ደግሞ ዝናብ የሚያመጣው ነው። ስለዚህ «ሽውታ ፡ አውሎ ነፋስ» ካለ እሱን ያዙ። የቃላቱ ጉዳይ መመሳሰሉ ምንም አይጠቅማችሁም፤ የሚፈለገው ዝምድናው ነው።

የማታውቁት ቃል ከገጠማችሁ ከምርጫዎቹ ጀምሩ። «መኪና ፡ ቀይ» ዓይነቱን ሰርዙት፤ መኪና የግድ ቀይ አይደለም፣ በመካከላቸው የጸና ዝምድና የለም። እንዲህ ብቻ ሁለት ሦስቱ ይወድቃሉ።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ፤ ዝምድናውን ሁሌ ታገኘዋለች፣ መልሱን ግን ትስታለች። ደብተሯን ሳየው «ሐኪም ፡ በሽተኛ» ላይ «ተማሪ ፡ መምህር» መርጣለች። ሐኪም በሽተኛን ያክማል፤ ተማሪ መምህርን ያስተምራል? ተገልብጧል። ከዚያ ወዲህ በየጥንዱ መካከል በእርሳስ ትንሽ ቀስት ማድረግ ጀመረች፤ ከሚሠራው ወደሚሠራበት። በሚቀጥለው ልምምድ በመገልበጥ የሳተችው አንድም አልነበረም።