አዲሱ የዒላማ ሽጉጥ አልጎርስ ሲል

አዲስ ሽጉጥ ገዝታችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መተኮሻው ሄዳችሁ፣ ገና በሦስተኛው ጥይት ቀጥ ሲልባችሁ የሚሰማችሁን አውቀዋለሁ። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ ደርሶብኛል። አንድ ባለ 50 ፓኬት ለመጨረስ 11 ጊዜ ነከሰብኝ፣ ማለትም ጥይት ተቀርቅሮበት ቆመ። የምናገረው 22 ሎንግ ራይፍል በሚባለው ትንሽ ጥይት ስለሚሠሩት፣ ከተኮሱ በኋላ ራሳቸው ስለሚያጎርሱ ሽጉጦች ነው።

1. ሲነክስ አትጣደፉ

ጣታችሁን ከቃታው አውጡ። አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ ንቅንቅ አይበል። ጥይት የሚሞላበትን ካዝና አውጡ፤ መቀባበያውን፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚሳበውን ብረት፣ ስባችሁ ያዙና ጥይቱ ይውደቅ። አልወድቅ ካለ በስለት አትፈልቅቁት። ጠመንጃ መፍቻም ስሙ ነው እንጂ እዚህ ቦታ የለውም። የ22 ጥይት ተቀጣጣይ ኬሚካሉ ያለው ከታች ጠርዙ ውስጥ ስለሆነ፣ ጠርዙን መምታት ሊያፈነዳው ይችላል። የመተኮሻውን ሠራተኛ ጥሩ።

ቃታ ስባችሁ ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ድምፁ ደከም ብሎ "ፍስ" ካለ ደግሞ ሌላ ጥይት እንዳትተኩሱ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

2. የነከሰውን ነገር እዩት

ያልተተኮሰ ጥይት አፍንጫው የሆነ ቦታ ተወትፎ ከሆነ ችግሩ ማጉረሱ ላይ ነው። ባዶ ቀለህ በመውጫው ተቀርቅሮ ከቆመ ግን ችግሩ ማስወጣቱ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ጥይት ወይም የቆሸሸ መሣሪያ ነው።

3. ወልውሉት

ከፋብሪካ ሲመጣ የተቀባው ዘይት ለማጓጓዣ ነው። ጥረጉና ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉበት። ጠብ ነው ያልኩት።

4. ካዝናው

የኔ ጣጣ ሁሉ እዚህ ነበር፤ ግን መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሽጉጡን ነው። የጥይቱ አፍንጫ የሚንሸራተትበትን መወጣጫ "ሻካራ ነው" ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው። ቅርፁን አጠፋሁት። መወጣጫው ከበርሜሉ ጋር አንድ ስለሆነ በርሜሉን ከኪሴ ከፍዬ አስቀየርኩ፤ ዋስትናው በገዛ እጅ የተበላሸ ነገር አይሸፍንም። በአዲሱ በርሜል ስተኩስ እንደገና ነከሰ!

አጠገቤ ይተኩሱ የነበሩ አንድ የቀድሞ ወታደር፣ ያገሬ ሰው፣ ሲያዩኝ ቆይተው "ልጄ፣ ሽጉጡን ተወው። እስቲ ካዝና ስትሞላ ልይህ" አሉኝ። ሞላሁ። ሳቁብኝ። "እንዲህ አጉርሰኸውማ እንዴት ይዋጥለታል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የ22 ቀለህ አካሉ 5.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጠርዙ ግን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ጥይቶቹ ካዝና ውስጥ ሲደራረቡ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ፊት መሆን አለበት። ከኋላው ከገባ፣ መቀባበያው የላይኛውን ወደፊት ሲገፋ የታችኛው ጠርዝ ይይዘዋል። አፍንጫው ይደፋና ነከሰ ማለት ነው።

በካዝናው ጎን ሞላውን ወደ ታች የምትስብ ትንሽ ቁልፍ አለች። እኔ አውራ ጣቴ እንዳይደክም ቁልፏን እስከ መጨረሻ ስቤ 10ሩን ጥይት እንደ ቆሎ እዘግን ነበር። ከታች የሚደግፋቸው ስለሌለ አንዱ ይደፋል፣ አንዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ቁልፏን የአንድ ጥይት ውፍረት ያህል ብቻ ሳቡ። ጥይቱን ከካዝናው ከንፈር (ከላይ ጥይቱን ከሚይዘው የታጠፈ ብረት) ስር ከፊት ወደ ኋላ አንሸራትታችሁ አስገቡ፤ አፍንጫው ትንሽ ቀና ይበል። ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ቀጣዩን አስገቡ። ሞልታችሁ ስትጨርሱ በጎኑ ክፍተት እዩ። ሁሉም እኩል ቀና ብለው ከተደረደሩ ጥሩ። አንዱ ከተደፋ አራግፉና እንደገና ሙሉ። አሰልቺ ነው፤ ግን እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቸገርኩም ማለት ይቻላል። ካዝና መሙያ የሚባለውን ፕላስቲክ ገዝቼ ነበር፤ ለኔ አልሆነኝም፣ ጣት ይሻላል።

5. ጥይት ቀይሩ

መቀባበያውን ወደ ኋላ የሚገፋው የጥይቱ ጉልበት ብቻ ነው። መቀባበያውን የሚመልሰው ሞላ ደግሞ አዲስ ሲሆን ጠንካራ ነው። ጉልበቱ ካነሰ መቀባበያው በቂ ርቀት አይሄድም፤ ቀጣዩን ጥይት ሳያነሳ ይመለሳል። መደበኛው የዒላማ ጥይት በሰከንድ 1,070 ጫማ ገደማ ይሄዳል። ሚኒ ማግ የሚባለው የሲሲአይ ኩባንያ ጥይት፣ ባለ 40 ግሬይኑ (ግሬይን የእርሳሱ ክብደት መለኪያ ነው)፣ 1,235 ነው። ለመጀመሪያዎቹ 200 ወይም 300 ጥይቶች እንዲህ ዓይነቱን ፈጠን ያለ እመርጣለሁ፣ ሽጉጡ እስኪፍታታ። ግን መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ፤ አንዳንድ የዒላማ ሽጉጦች ለመደበኛው ብቻ የተሠሩ ናቸው። በጅምላ ባልዲ የሚሸጠው ርካሽ ጥይት ለአዲስ ሽጉጥ አይሆንም። ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቁም።

የመጀመሪያውን ጥይት ስታጎርሱም መቀባበያውን ስባችሁ ልቀቁት። በእጅ እየደገፉ ቀስ ብሎ መመለስ ራሱ ያስነክሳል።

6. ካዝናዎቹን ቁጠሩ

በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉባቸው። በነከሰ ቁጥር የየትኛው እንደሆነ መዝግቡ። በሁሉም የሚነክስ ከሆነ ሽጉጡን ወደ አምራቹ ላኩ፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ካዝናውን ቀይሩ። የኔ ቁጥር 3 ከንፈሩ ጠምሞ ተገኘ። አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መጣሉ አላስችለኝ ብሎ።