ስልካችሁ ከእናንተ ጋር ቲቪ እንዳይሰማ

ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር እህቴ ቤት ነበርኩ። ሙቀቱ ያው የድሬ ነው፣ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፣ ቲቪው ክፍት ነው፣ ልጇ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ በስልኳ ጌም ይጫወታል። ስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። ማይክ ወይም ካሜራ በርቷል ማለት ነው። አቦ፣ ኳስ የሚያንከባልል ጌም ማይክ ምን ይሠራለታል? ሴቲንግ ገብቼ ሳይ ፈቃዱ ተሰጥቶታል። ልጁ ጌሙን ሲከፍት የመጣለትን ሁሉ ተጭኗል።

እንዲህ ዓይነት አፕ ወሬያችሁን ላይፈልግ ይችላል። የቲቪውን ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ይቀበልና ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ የድምፅ አሻራ በሉት። አሻራው ሰርቨር ላይ ከተቀመጡ የፕሮግራምና የማስታወቂያ አሻራዎች ጋር ሲመሳከር ምን እያያችሁ እንደሆነ ይታወቃል፣ ከዚያ ማስታወቂያ ይመረጥላችኋል። ሻዛምም ዘፈን የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው፤ እሱን ግን ራሳችሁ ናችሁ የምትከፍቱት። በ2017 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ በማይክ ቲቪ የሚለየው የአልፎንሶ ኩባንያ ሶፍትዌር ያለባቸው ከ250 በላይ ጌሞች ጎግል ፕሌይ ላይ እንዳሉ ጽፎ ነበር። በ2019 ደግሞ የስፔን የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን ላሊጋን 250 ሺህ ዩሮ ቀጣ። የሊጉ አፕ በደጋፊዎች ማይክ ጨዋታውን ያለፈቃድ የሚያሳዩ ቡና ቤቶችን ያስስ ነበር። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ካፌ ቁጭ ብሎ ኳስ ለሚያይ ሰው ይሄ ሩቅ ወሬ አይደለም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ፐርሚሽን ማናጀር፣ ማይክሮፎን። ማይክ የተፈቀደላቸው አፖች ተደርድረው ይመጣሉ፣ አንድ በአንድ እዩዋቸው። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ድምፅ ስለምትልኩባቸው «አፑን ስጠቀም ብቻ» የሚለው ላይ ይቆዩ። ጌም፣ ባትሪ መብራት፣ ካልኩሌተር፣ ዎልፔፐር ግን ያለ ርኅራኄ ከልክሉ። አይፎን ላይም ፕራይቬሲ ውስጥ ማይክሮፎን አለ፣ እዚያ ነጥቧ ብርቱካናማ ናት። ከድሬው ታይዋን ገበያ የቆየ ስልክ ገዝታችሁ ከአንድሮይድ 12 በታች ከሆነ ነጥቧ አትመጣም፣ ስለዚህ ፈቃዱን ራሳችሁ ቶሎ ቶሎ ማየት አለባችሁ።

ስማርት ቲቪ ያለው ደግሞ እዚህ ጋ ይጠንቀቅ። ቲቪው ማይክ አያስፈልገውም፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ራሱ ይለያል፤ ከዲሽ የሚመጣውንም ጭምር ሊለይ ይችላል። የቲቪ አምራቹ ቪዚዮ በ11 ሚሊዮን ቲቪዎች ይህንን ሰዎች ሳይፈቅዱ አድርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሳምሰንግ ላይ «ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስ»፣ ኤልጂ ላይ «ላይቭ ፕላስ» የሚለውን ፈልጋችሁ አጥፉ። ዲሽ ብቻ የምታዩ ከሆነ ዋይፋዩን ከቲቪው መንቀል ከሁሉም ይቀላል።

የእህቴን ስልክ ሳጸዳ ማይክ የማያስፈልጋቸው ስድስት አፖች አገኘሁ። ልጁ ጌሙ ይበላሻል ብሎ አኩርፎ ነበር፣ ከፍቶ ሲያየው ያው ነው፣ ኳሱ ይንከባለላል።