በበጋ ሜዳ ከውሻ ጋር ቆቅና ጅግራ ፍለጋ እንዴት እንደሚወጣ

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ወረታና ወደ ፎገራ ሜዳ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ሣሩ የነጣ፣ ማሳው የታጨደ፣ ዋልካ አፈሩ የተሰነጣጠቀ ሰፊ ምድር ነው። ቆቅና ጅግራ በዚህ ወቅት ከአጋምና ከግራር ሥር እየወጡ በአውድማና በማሳ ዳር የወዳደቀውን እህል ይለቅማሉ። አፍንጫው የሠለጠነ ውሻ ይዞ እነዚህን ወፎች መፈለግ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ፍለጋው በሙቀትና በደረቅ መሬት ላይ የሚከናወን በመሆኑ፣ ጉዞው መጀመርም ማብቃትም ያለበት በሰውየው ጉጉት ሳይሆን በውሻው አቅም ልክ ነው። እኔ ይህን ዘግይቼ በማወቄ ውሻዬን ላጣው ነበር፤ የምጽፈውም ሌላው ሰው እንደ እኔ እንዳይዘገይ ነው።

አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው። የጣና ሐይቅና ዙሪያው ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። ስለዚህ እዚህ የማስረዳው ያለ መሣሪያ የሚደረገውን ፍለጋ ነው፤ ውሻው ያሸታል፣ ይቆማል፣ ሰውየው ቀርቦ ያያል፣ ቆጥሮ ይመዘግባል፣ ከዚያም ውሻውን ጠርቶ ያልፋል። ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። በኖርዌይ የተራራ ቆቆችን ብዛት በየዓመቱ የሚገምቱት የአደን ወቅት ከመከፈቱ በፊት በሠለጠኑ አነፍናፊ ውሾች ሜዳውን በመስመር በመስመር እያቋረጡ በመቁጠር ነው። ፈቃድ አውጥቶ መሣሪያ ለሚይዝ ሰውም ቢሆን የውሻው አያያዝ ከዚህ አይለይም።

ውሻውን ማዘጋጀት

ወፍ ሲሸት ቀጥ ብለው የሚቆሙት የውጭ ዝርያዎች በእኛ አካባቢ ብዙም አይገኙም፤ ግን የግድ አያስፈልጉም። ፀጉሩ አጭር፣ አፍንጫው ረዘም ያለ፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ያለፈው ጤነኛ የሀገር ውሻ ሥራውን በሚገባ ይማራል። ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑና ፀጉራቸው ጥቅጥቅ ያለ ውሾች ግን ሙቀትን ስለማይችሉ በበጋ ሜዳ ባይወጡ ይሻላል።

ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይወስድ ከግቢ መውጣት የለበትም። ክትባቱ ሦስት ወር ሲሞላው ተጀምሮ በየዓመቱ ይታደሳል። በሜዳው ላይ የእረኞችና የገበሬዎች ውሾች ያጋጥማሉ፤ ጠብ ሊነሣም ይችላል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለውሻው ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ ለሚገኘው ሕፃን ሁሉ የሚያስብ ሰው ግዴታ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አካሉን ማለማመድ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል የከተማ ውሻ በአንድ እሑድ ጠዋት ተፈትቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሜዳ ላይ ቢሮጥ የሚደርስበትን መገመት አያዳግትም። ከኅዳር ጀምሮ በማለዳ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያራምዱት፤ ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያድርሱት። ሰውነቱ ሙቀቱን ለመልመድ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።

በዚሁ ጊዜ ሦስት ቃላትን ያስተምሩት፤ «ቁም»፣ «ና» እና «ተው»። «ቁም»ን በግቢ ውስጥ በምግብ ሳህን መጀመር ይቻላል፦ ሳህኑ ይቀመጣል፣ ውሻው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲፈቀድለት ይበላል። ይህ ሲጸና አሥር ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ገመድ ወደ ውጭ ይውጡ። «ተው» የሚለውን በዶሮና በበግ ፊት ያለ አንዳች ስሕተት መፈጸም ካልቻለ ገመዱ አይፈታም። በሰው በግ ላይ የሮጠ ውሻ ባለቤቱን ከሀገሬው ጋር ያጣላዋል፤ ጥፋቱም የባለቤቱ ነው።

የሚያዘው ዕቃ

ለመካከለኛ ውሻ ለአንድ ጠዋት የሚጠጣው ሁለት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ከዚያ በተጨማሪ ሰውነቱ ላይ የሚፈስ ቢያንስ ሦስት ሊትር በትንሽ ጀሪካን መያዝ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። ቴርሞሜትር፣ ወረንጦ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ገመድ፣ ደብተርና እርሳስም ይያዙ። «ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ከዚያ ይጠጣል» ማለት አያዋጣም። ዳር ላይ የተኛና አረንጓዴ አረፋ ያለበት ውሃ ውሻን ሊመርዝ ይችላል። እምቦጭ የሸፈነው ዳር እግሩን ይጠላልፈዋል፤ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ።

ሰዓትና ነፋስ

ከቤት የሚወጡት ጎሕ ሳይቀድ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው ላይ መገኘትና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ማብቃት ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። በማለዳ መሬቱ ቀዝቃዛ፣ ሣሩም ጥቂት ጤዛ የያዘ በመሆኑ የወፏ ጠረን ከመሬት ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ፀሐይ ሲበረታ ግን ጠረኑ ከሞቀው አየር ጋር ወደ ላይ ተነሥቶ ይበተናል። በዚያ ላይ የውሻው አፍንጫ የሚሠራው እርጥብ ሲሆን ነው፤ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ውሻ በአፍንጫው በሚገባ መሳብ ስለማይችል ቆቋን በሁለት ሜትር ርቀት አልፏት ሊሄድ ይችላል። በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ውሃ ማጠጣት ሰውነቱን እንደሚያድን ሁሉ አፍንጫውንም ያድሳል። በአንድ ጊዜ ብዙ ማስጠጣት ግን ሆዱን ሊነፋው ይችላል። ምግቡንም በዋዜማው ማታ ይስጡት እንጂ ጠግቦ እንዳይወጣ።

ነፋሱን ለማወቅ ከአውድማ አንድ እፍኝ ገለባ አንሥቶ ከትከሻ ከፍታ መልቀቅ ይበቃል። በላይዳና በመንሽ እህሉን የሚያዘራ ገበሬ ነፋሱን ጠብቆ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ውሻ ይዞ የሚሄድም ሰው ነፋሱን ሳያይ አንድ እርምጃ መራመድ የለበትም። በማለዳ አየሩ ጸጥ ይላል፤ ረፋድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሐይቁ ወደ ምድር የሚነፍስ ነፋስ ይነሣል። ውሻው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሰ እንዲፈልግ ይምሩት። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ወፎቹ አስቀድመው ይሰማሉ፤ «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የተባለው ይደርሳል።

በሜዳው ላይ

ማሳው ባለቤት አለው። አዝመራ የተነሣበት ቢመስልም ከሩዝ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ስለዚህ ሰው ከታየ ቀርቦ ሰላምታ ማቅረብና መጠየቅ ይገባል፦ «እንደምን አደሩ አባቴ፣ በማሳዎ ዳር ብናልፍ ይፈቅዱልናል?» እኔ የተከለከልኩበት ቀን የለም። አንድ ሽማግሌ «እለፍ ልጄ፣ ብቻ ሽምብራዬን እንዳይረግጥብኝ» ካሉኝ በኋላ ቆቆቹ ጠዋት ጠዋት የትኛው የአጋም ቁጥቋጦ ሥር እንደሚወርዱ በዱላቸው ጠቆሙኝ፤ ያንን ውሻዬ በአንድ ሰዓት ፍለጋ አያገኘውም ነበር።

ፍለጋውን በማሳ ዳር፣ በደረቅ ቦይና በቁጥቋጦ አጠገብ ያድርጉ። ቆቅ የሚሸሸገው ከሚለቅምበት ብዙ ሳይርቅ ነው። ውሻው ጠረን ሲያገኝ አካሄዱ ይለወጣል፦ ጅራቱ ይፈጥናል፣ አንገቱ ዝቅ ይላል፣ ከዚያም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዳንዱ የፊት እግሩን አጥፎ ያንጠለጥላል። በዚህ ጊዜ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ቁም» ማለትና ከጎኑ ዞሮ በእርጋታ መቅረብ ነው። ከኋላው መሮጥ ውሻውን ይገፋዋል። ቆቅ በእግሯ ሮጣ ማምለጥ ትመርጣለች፤ መብረር ግድ ሲሆንባት ብቻ በኃይል ተነሥታ ሩቅ ሳትሄድ ትወርዳለች። ጅግራ ግን በመንጋ ስለሚሄድና ረጅም ርቀት ስለሚሮጥ ውሻው እየቆመ እየተከተለ ትዕግሥቱ የሚፈተነው በእሱ ነው።

አንዱን መንጋ ካስነሡ በኋላ ተከትለው ደግመው አያስነሡ። በሙቀት የሚደክመው ውሻው ብቻ አይደለም። ጫጩት የምትመራ ቆቅ ከታየች ውሻውን ወዲያውኑ በገመድ ይያዙና ከዚያ ሥፍራ ይራቁ።

ዋልካው የሚሰነጠቀው በጥልቀት ነው። የሚሮጥ ውሻ እግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሊሰበር ስለሚችል፣ ስንጥቁ ሰፊ በሆነበት ቦታ ወደ ጎንዎ ጠርተው በእርምጃ ያሳልፉት።

ሙቀት ሲመታው

የባሕር ዳር አካባቢ የቀን ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ለሰው ይህ ብዙ አይመስልም፤ ውሻው ግን የሚሄደው ፀሐይን ከሚመጠው ጥቁር አፈር አንድ ክንድ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። እንደ እኛ በቆዳው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ለመሞከር የእጅዎን ጀርባ መሬቱ ላይ ያሳርፉ፤ ሰባት ሰከንድ መታገሥ ካልቻሉ ለእግሩ መዳፍም ይሞቀዋል። በሜዳ ወፍ አደን በሠለጠኑ ሀገሮች እንኳ ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል ጥፋቱ ብዙ ነው። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ እ.ኤ.አ. በ2003 የአደን ወቅት በተከፈተባቸው የመጀመሪያ ቀናት ባልተለመደ ሙቀት ምክንያት ወደ መቶ የሚጠጉ አዳኝ ውሾች እንደሞቱ በጊዜው ተዘግቧል።

የእኔ ውሻ መቻል ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየካቲት አንድ ጠዋት ሁለት መንጋ ጅግራ ካሳየኝ በኋላ «አንድ ብቻ ልጨምር» ብዬ እስከ አራት ሰዓት ቆየሁ። ምላሱ ከወትሮው ረዝሞ ጫፉ እንደ ማንኪያ ተዘርግቶ አየሁና ጠራሁት። ሲመጣ ወደ ጎን ይንገዳገድ ነበር። ከንፈሩን ገልጬ ሳይ ድዱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ምራቁ ወፍሮ እንደ ተልባ ውሃ ከአፉ ዳር ይሳብ ነበር። ዛፍ ሥር አስተኝቼ ነጠላዬን በውሃ አርሼ ሸፈንኩት። ይህ ስሕተት ነበር፤ ሰውነቱ ላይ የተጣበቀ እርጥብ ጨርቅ ነፋስ ስለማያስገባ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። በአጠገባችን የሚያልፉ አንድ ገበሬ «ጥላ ብቻ አይበቃውም ልጄ፣ ውሃውን ድፋበት» ብለው ነጠላውን ገፈው የራሳቸውን ጀሪካን አፈሰሱበት። የተረፈው በእሳቸው ነው።

እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እንቅስቃሴውን ማቆምና ወደ ጥላ ማስገባት፤ ያለውን ውሃ ሁሉ ሆዱ፣ ብብቱ፣ የጭኖቹ ውስጥና መዳፎቹ ላይ ማፍሰስ፤ በባርኔጣ ወይም በደብተር ማራገብ፤ ራሱን የሚያውቅ ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት፤ ራሱን ከሳተ ግን በጉሮሮው ውሃ አለማንቆርቆር። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። በፊንጢጣው የተለካው ሙቀት ወደ 39.5 ሲወርድ ውሃውን ማፍሰስ ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ ከቀዘቀዘ ሌላ ጉዳት ይከተላል። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ። ባጃጅ ከተገኘ ሸራው ተገልጦ ነፋስ እየመታው ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። የነቃና የተሻለው ቢመስልም ሐኪም ሳያየው መቅረት የለበትም፤ የኩላሊትና የደም መርጋት ችግር ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይገለጣል።

ከተመለሱ በኋላ

ውሻው ከማረፉ በፊት መላ አካሉን በእጅ ይዳስሱ። በጣቶቹ መካከል የገባ የሣር ዘርና እሾህ፣ በጆሮው ውስጥና በብብቱ የተጣበቀ ጨጎጎትና መዥገር ይፈለግ። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ጋዝ መቀባት ወይም በእሳት መተኮስ አይገባም። የጆሮው ውስጥ የሣር ዘር ጭንቅላቱን ደጋግሞ በማራገፉ ይታወቃል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከሆነ ለሐኪም ይተው።

ምግቡን ትንፋሹ ሙሉ በሙሉ ከረጋ በኋላ ይስጡት። በዚያው ቀን በደብተሩ ላይ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የታዩትን ወፎች ቁጥር ይመዝግቡ፤ ውሻው ማለክለክ የጀመረበትንና ያረፈበትን ሰዓትም አይርሱ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጉዞ ላይ የራሱ የውሻው ልክ ከጽሑፉ ይነበባል። መቻል በመጋቢት ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ መሥራት እንደሌለበት ያወቅኩት ከደብተሬ ነው። በማግስቱ ሽንቱ ከወትሮው የጠቆረ ወይም አካሄዱ የከበደው ከሆነ ለሐኪም ይታይ፤ ደኅና ከሆነም ያን ቀን ይረፍ።